በዴስኩ እግር ውስጥ ያለ በር

እንጨት ዋሽቶኝ አያውቅም። ሰው ይዋሻል፤ ሜትር ይዋሻል፤ «ነገ መጥቼ እወስደዋለሁ» የሚል ደንበኛማ ሲዋሽ ነው የሚውለው። እንጨት ግን ሲጣመም በግልጽ ይጣመማል፣ ሲሰነጠቅም ድምፁን አሰምቶ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት በዚህ እምነት ስቆርጥ፣ ስልግ፣ ሳጣብቅ ኖሬአለሁ። ስለዚህ የትምህርት ቤቷ ዳይሬክተር ከሠራሁላቸው አርባ ዴስኮች ባንዱ ሥር ጎንበስ ብለው፣ ከወለሉ ላይ ቆንጠር አድርገው ያነሱትን ነገር በመዳፋቸው ሲያሳዩኝ፣ መጀመሪያ የተናደድኩት በእንጨቱ ነው።

«ይኼ ምንድን ነው?» አሉኝ።

«ሰጋቱራ ነዋ። አናጢ ቤት አይደል ያሉት?»

«ወለሉ ትናንት ማታ ተጠርጓል ብለውኛል። ዛሬ ከየት መጣ?»

ዳይሬክተሯ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማያውቁ ቀጭን ሴት ናቸው፤ እንዲህ ያለ ሰው ከሚቆጣ የሚጮኸው ይሻላል። «ነቀዝ ከሆነ» አሉኝ መዳፋቸውን እያራገፉ፣ «ካንዱ ዴስክ ወደ አርባው፣ ከአርባው ወደ ክፍሎቹ በርና ጣሪያ ይሄዳል። ትምህርት ሊጀመር አምስት ሳምንት ቀርቶታል። እስከዚያ የሚያውቅ ሰው አይቶት ምን እንደሆነ በጽሑፍ ካላረጋገጠልኝ አልረከብም። ነቀዝ ከሆነ ደግሞ እዚሁ ግቢዎ ውስጥ ሲቃጠሉ ቆሜ ማየት እፈልጋለሁ።»

አርባ ዴስክ። ግንዱን ራሴ መርጬ፣ ራሴ አስሰንጥቄ፣ ስምንት ወር በጥላ አድርቄ የሠራኋቸው ናቸው። ከዴስኮቹ በላይ ግን ያስፈራኝ ስሜ ነው። በእኛ ሥራ አንድ ጊዜ «ነቀዞ» የሚል ስም የወጣለት አናጢ፣ ከዚያ በኋላ ለዶሮ ቤት እንኳ የሚጠራው አያገኝም።

ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ስነግራት ሽንኩርት መክተፏን ሳታቆም፣ «እህቴ አለች አይደል» አለችኝ።

«የቷ እህትሽ?»

«ስንት እህት ነው ያለኝ?»

አንድ ናት። በደን ምርምር ጣቢያ የነፍሳት ባለሙያ ናት። ከአራት ዓመት በፊት እኛ ቤት ምሳ ላይ ስለ ሥራዋ ስታወራን፣ እኔ ሰው ለማሳቅ ብዬ «ሰው ልጅ ያሳድጋል፣ አንቺ ትል ታሳድጊያለሽ፤ ትል ጠባቂ» አልኳት። ሰው ሳቀ። ልጅ ለማግኘት ስንት ሐኪም ቤት ስትመላለስ እንደኖረች አውቅ ነበር፤ አፌ ግን አላማከረኝም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ ቤታችንን አልረገጠችም፤ እህትማማቾቹ የሚገናኙት ሌላ ቦታ ነው። እኔም ይቅርታ አልጠየቅኳትም። መጀመሪያ ረሳሁት፣ ኋላ አፈርኩ፣ ከዚያ ደግሞ የተቀየምኩት እኔ መሰለኝ።

በማግሥቱ ዓይኔን በጨው አጥቤ ሄድኩ።

የምትሠራበት ክፍል ረጅም ነው። በመደርደሪያው ላይ አፋቸው በሻሽ የታሰረ የማርማላታ ጠርሙሶች ከዳር እስከ ዳር ተደርድረዋል፤ በየጠርሙሱ ውስጥ ቅጠል ያለው ቅርንጫፍ፣ በየቅርንጫፉ ላይ አንድ የሚበላ ነገር አለ። ክፍሉ ገና የተከረከመ አጥር ይሸታል። በየጠርሙሱ ላይ የጥፍር ያህል ወረቀት ተለጥፏል፤ ጽሑፉ በእርሳስ ነው፤ ቀለም አልኮል ሲነካው ይለቃል አሉ። የእኔን መሣሪያ አሰቃቀል ያየ ሁሉ ያደንቃል። እዚያ ክፍል ውስጥ ቆሜ ሳስበው ግን የእኔ መስቀያ የተዝረከረከ መሰለኝ።

«ጋሼ» ብላ ተነሳች። ስለ አራቱ ዓመት ምንም አላለችም፤ ወንበር ሳበችልኝ።

በፖስታ ያመጣሁትን ብናኝ ጥቁር ወረቀት ላይ ዘረገፈችና በማጉያ መነጽር አየችው። ከዚያ «ና እይ» አለችኝ። አየሁ። እኔ ዱቄት ያልኩት ዱቄት አልነበረም። ፍሬ ፍሬ ነው፤ እያንዳንዱ እንደ ትንሽ በርሜል ድቡልቡል፣ ጎን ጎኑ የተሸነሸነ፣ ሁሉም እኩል።

«የነቀዝ ቢሆን እንደ ዱቄት ይልም ነበር» አለችኝ። «ይኼ የትል ኩስ ነው።»

«ዳይሬክተሯ እኮ በባዶ እጃቸው ነው የያዙት።»

ያን ጊዜ ፈገግ አለች። ለእኔ ፈገግ ስትል በአራት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያው ነው።

ነገሩን አስረዳችኝ። ትሉ አድጎ የእሳት እራት ይሆናል፤ መብራት ላይ እየተጋጨ እንደሚያስቸግረን ያለ፣ ግን የጫካ ነው። ይኼን የመሰለ ኩስ የሚጥሉ ሁለት ዓይነት አሉ፤ እንደ እህትማማች የሚመሳሰሉ። አንደኛዋ እንቁላሏን የምትጥለው በቆመ ዛፍ ላይ ብቻ ነው፤ ዛፉ ከተቆረጠ ወዲያ ለሌላው እንጨት አታሰጋም። ሌላዋ ግን የተከመረ ግንድም ቢሆን አትንቅም። ይቺ የመጀመሪያዋ ትመስላለች፤ ትሎቹን አይቶ መለየት ግን አይቻልም፤ አድጎ፣ ወጥቶ፣ ክንፉን ሲዘረጋ ነው።

«የመጀመሪያዋ ናት ብለሽ ጻፊልኛ» አልኳት። «ትመስላለች አላልሽም?»

«በመምሰል አልፈርምም።»

ደሜ ፈላ። ዘመድ ለምኑ ነው፣ አንድ መስመር ጽፎ ሰው ከጉድ ማውጣት ምን ይከብዳል፣ ይኼን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አወረድኩባት። እስክጨርስ ጠበቀችኝና፣ «አንተ ሳትለካ ትቆርጣለህ?» አለችኝ።

በሚቀጥለው ቀን ጠዋት የሐኪም ማዳመጫ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ወርክሾፔ መጣች። በሽተኛውን ዴስክ በጎኑ አስተኛን። የማዳመጫውን ጫፍ በዴስኩ እግር ላይ አሳርፋ ረጅም ጊዜ አዳመጠች፤ ከዚያ አውጥታ ጆሮዬ ላይ ሰካችልኝ። መጀመሪያ የሰማሁት የራሴን ደም ነው። ቆይቶ ግን ከሥሩ መጣ፦ ክርት፣ ክርት፣ ክርት። ዝም። ክርት። ጎረቤት ድስት ሲፋቅ በግድግዳ እንደሚሰማው ነው። ያንን እግር በእጄ ልጌዋለሁ፣ በብርጭቆ ወረቀት ሦስት ጊዜ አሽቼዋለሁ፤ ሰው እንዳለበት ግን አላወቅኩም።

«ስንት ጊዜው ነው?» አልኳት።

«ሁለት ዓመት። ሦስትም ሊሆን ይችላል።» እናቱ እንቁላሏን በቅርፊቱ ስንጥቅ ውስጥ ስትጥል ዛፉ ቆሞ ነበር። ከእንቁላሉ የወጣው ትል የክር ጫፍ ያህል ነው፤ እየበላ ገባ፣ እየበላ አደገ። «ሲቆረጥ ውስጡ ነበር። ሲሰነጠቅም፣ ስትልገውም ውስጡ ነው።» ጣቷን በእግሩ ላይ አስኬደች። «መጋዝህ ያለፈው በዚህ ነው። እሱ ደግሞ እዚህ ጋ።»

በመካከሉ አንድ ጣት ቢሆን ነው። ያቺን እግር ስቆርጥ ሬዲዮ እየሰማሁ ነበር።

ከዚያ ሠላሳ ዘጠኙን ዴስክ አንድ በአንድ አዳመጠች። ለእያንዳንዱ እግር ሁለት ደቂቃ፣ በሰዓቷ እያየች፣ ሲሚንቶ ላይ ተንበርክካ። እኔ ሰው ትዕግሥተኛ የሚለኝ ነኝ፤ በሃያኛው ዴስክ ላይ ግን ስለ እሷ ጉልበት እኔ ደከመኝ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ተነስታ ቀሚሷን አራገፈችና «ሠላሳ ዘጠኙ ዝም ብለዋል» አለችኝ። ዝም ማለታቸው ግን ከሁለቱ የቷ እንደሆነች አይናገርም፤ ዳይሬክተሯ የጠየቁት ደብዳቤ የሚወጣው ከበሽተኛው ዴስክ ውስጥ ነው። የዚያን ዴስክ እግር በሻሽ ጠቀለለችው፤ ለሃያ ቀን ጥናት ጫካ እንደምትገባ ነገረችኝ፤ ትንሽ ደብተርም ሰጠችኝ። «የሰማኸውን በየቀኑ ጻፍልኝ። ምንም ብታይ ግን አትንካው፣ ጋሼ።»

ማዳመጫውን ትታልኝ ስለነበር በየጠዋቱ ከሥራ በፊት አዳመጥኩ። «ዛሬም ይበላል» ብዬ ጻፍኩ። «ዛሬም ይበላል። ከትናንት ይልቅ ወደ ላይ ነው።» በስድስተኛው ቀን ቁርሴን እዚያው ይዤ መሄድ ጀመርኩ፤ ባለቤቴ «አብራችሁ ነው የምትበሉት?» ብላ ሳቀችብኝ። በዘጠነኛው ቀን ድምፁ ቆመ። በአሥራ አንደኛው ቀን ሻሹን ገለጥ አድርጌ ሳይ፣ እግሩ ላይ የትንሽ ጣት ጥፍር የምታህል ክብ ምልክት አየሁ፤ እንጨቱ እዚያ ቦታ ላይ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሳስቷል። በጥፍሬ ነካ ባደርጋት ወደ ውስጥ ወደቀች። ቀዳዳ ነው። እንዴት ያለ ቀዳዳ። በመሰርሰሪያ እንዲህ የጠራ ወጥቶልኝ አያውቅም።

በዚያው ሰዓት የዳይሬክተሯ መልእክት ደረሰኝ፤ ነገ ጠዋት መጥተው ዴስኮቹን ያያሉ።

አናጢ ቀዳዳ ሲያይ እጁ አያርፍም። ጉጥ የወደቀበት፣ ምስማር የሳተበት፣ ሁሉም መድኃኒቱ አንድ ነው። ከዚያው እንጨት ሰጋቱራ በጨርቅ ነፋሁ፣ በኮላ ለወስኩ፣ በእንጨት ጫፍ ጠቀጠቅኩ። ሲደርቅ ላግኩት፣ አሸሁት፣ ዘይት ቀባሁት። ደረቱን ነፍቶ የሚሄድ ሰው አልወድም፤ እንደዚያ ያለ ድፈና ግን የሚችል ሌላ ሰው ካለ አላየሁም። በጠዋት ዳይሬክተሯ መጡ፤ በመዳፋቸው እግሩን ከላይ እስከ ታች ዳበሱት። «ቆሟል ማለት ነው?» አሉኝ። «ቆሟል» አልኳቸው። ድምፁ በእውነት ቆሞ ነበርና አልዋሸሁም ብዬ ራሴን አጽናናሁ። «ደብዳቤውን ግን እጠብቃለሁ» ብለው ሄዱ። ደብተሩ ላይ ከዚያን ቀን ጀምሮ ምንም አልጻፍኩም።

የባለቤቴ እህት ከጫካ ስትመለስ ቤቷ እንኳን አልገባችም፤ አቧራዋን እንደለበሰች በቀጥታ ወርክሾፑ መጣች።

«ድምፁስ?»

«በዘጠነኛው ቀን ቆመ።»

ዓይኗ በራ። «ተኝቷል ማለት ነው። እዚያ ውስጥ ተሸፍኖ እየተለወጠ ነው።» ጣውላ ላይ ተቀመጠችና ደስ ብሏት ማውራት ጀመረች፤ ሰው የሚወደውን ሥራ ሲያወራ እንደሚያምርበት እሷም አማረባት። «ከመተኛቱ በፊት ግን አንድ ሥራ ይጠብቀዋል። መውጫውን መሥራት አለበት። እስከ ላይ ድረስ ይቆርጥና ቀጭን ክዳን ትቶ ይመለሳል፤ ከዚያ ነው የሚተኛው።»

«ለምን? ስትወጣ አትቆርጠውም?»

«በምኗ? አፍ የላትም እኮ። የምትወጣዋ መንጋጋ የላት፣ ጥርስ የላት። ከወጣች በኋላ አትበላም፣ ስምንት ቀን ብትኖር ነው። እንጨት መቁረጥ የሚችለው ትሉ ብቻ ነው። ስለዚህ መንጋጋ እያለው ለሌላት በሩን ቀድሞ ይሠራላታል። እሷ በግንባሯ ገፋ አድርጋው ትወጣለች።»

ክው አልኩ። እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት በር ሠርቻለሁ። በግንባር ገፋ ቢያደርጉት የሚከፈት፣ አቅም ለሌለው ሰው ታስቦ፣ የሚወጣው ሰው ገና ሳይኖር የተሠራ በር ግን ሠርቼ አላውቅም። ያንን የሠራው ደግሞ እኔ ትል ብዬ የሳቅኩበት ነው። በኮላ የዘጋሁትም እኔ ነኝ።

እሷ ክዳኑን መፈለግ ጀመረች። ጣቷ በድፈናዬ ላይ ሁለት ጊዜ አለፈ። «ገና ነው» አለች፣ «ዘግይቶ ይሆናል»፤ በደብተሯም «መውጫ አልተገኘም» ብላ ጻፈች። እኔ ቆሜ አየኋት። አልተናገርኩም። ከተናገርኩ እሷም ታውቃለች፣ ዳይሬክተሯም ይሰማሉ፣ ስሜም አብሮ ይሄዳል።

ስትሄድ ድፈናውን ራሴ ልከፍተው ተነሳሁ። አጣሁት። በጣቴ ዳበስኩ፣ በመብራት አየሁ፣ በጥፍሬ ፋቅኩ። የጠፋው በእኔው ጥበብ ነው። በግምት ብሰረስር ደግሞ እሷኑ እወጋታለሁ። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል እንደሚባለው፣ ሁለት ቀን ሙሉ በዴስኩ ላይ ስጮህ ዋልኩ። ባለቤቴ ምን ሆነህ ነው ብላ አስጨንቃ ስትጠይቀኝ ነገርኳት። «ለእኔ ምን ትነግረኛለህ?» አለችኝ። «ለእሷ ንገራት።»

በሦስተኛው ቀን ጠዋት በጠርሙሶቹ መሃል ቆሜ ነገርኳት።

«መውጫውን ሠርቶት ነበር። እኔ ደፈንኩት። ለዳይሬክተሯ እንዳይታይ ብዬ ነው። ስትፈልጊው አጠገብሽ ቆሜ ዝም አልኩ።» ትንፋሼን ሰበሰብኩ። «ያን ጊዜ ምሳ ላይ ያልኩሽም ነውር ነበር። በሳቀው ሰው ሁሉ ፊት ይቅርታ መጠየቅ ነበረብኝ፤ አራት ዓመት አፈርኩ። ይቅር በይኝ።»

ፊቷ ምንም አልተለወጠም። እርሳሷን አስቀመጠች፣ ነጭ ጋውኗን አወለቀች። «የምሳውን ሌላ ቀን እናወራዋለን» አለችኝ። «አሁን ተነስ፤ ጊዜ የለንም።»

ወርክሾፑ ስንደርስ ማዳመጫውን በዴስኩ እግር ላይ ጣት በጣት አስኬደችው። አንድ ቦታ ላይ ቆመች። «እዚህ ናት። እየገፋች ነው።» ጆሮዬ ላይ ሰካሁት። አሁን ክርት የለም። ሸር ይላል፣ ያርፋል፣ ደግሞ ሸር ይላል። ለስንት ሰዓት እንደገፋች ማን ያውቃል። ቦታውን በእርሳስ ከበብኩና ካሉኝ መሮዎች ቀጭኑን አነሳሁ። እሷ ታዳምጣለች፣ እኔ እንደ ወረቀት እያሳሳሁ እልጋለሁ። «ቁም» ስትለኝ እቆማለሁ፤ «ቀጥል» ስትለኝ እቀጥላለሁ። አንድ ሰዓት ያህል እንዲሁ ቀጠልን። በመጨረሻ ድፈናው እንደ ቡሽ ተነቅሎ ወጣ። ከጎኑ ወደ ውስጥ የፈሰሰች የኮላ ጠብታ እንደ እሾህ ደርቃ ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ቡናማ ጭንቅላት ብቅ አለ። እየተወዛወዘች፣ እየገፋች፣ ግማሽ አካሏ እስኪወጣ መጣች፤ በሽፋኗ ጀርባ ላይ እንደ መጋዝ ጥርስ የተደረደሩ ጥቃቅን እሾሆች አሉ፣ ወደ ላይ የምትወጣው በእነሱ ነው። እዚያ ስትደርስ ቆመች። ሽፋኑ ጀርባው ላይ ተሰነጠቀ፤ ከውስጡ አንድ እርጥብ፣ የተጨማደደ፣ ነጭ ነገር ተስቦ ወጥቶ የዴስኩን እግር ይዞ ወደ ላይ ወጣ። ክንፉ ታጥቦ ያልተሰጣ ጨርቅ ይመስል ነበር። ቀስ እያለ ወረደ፣ ተዘረጋ፣ ደረቀ። ነጭ ነው፤ በነጩ ላይ ቀለም የረጩበት የሚመስል ሰማያዊ ጥቁር ነጠብጣብ አለ፤ ትከሻዋ ላይ በነጭ ፀጉር መሃል ስድስት ነጥብ፣ ሦስት በዚህ፣ ሦስት በዚያ። አፌን ከፍቼ አየኋት። ሁለት ሦስት ዓመት በጨለማ ውስጥ እንጨት ብቻ የበላ ነገር ይኼን ልብስ ከየት አመጣው?

የግራ ክንፏ ግን ጫፉ ላይ ታጥፎ ቀረ።

«ኮላዬ ነው?» አልኳት።

«አዎ» አለችኝ። ለማጽናናት እንኳን አልዋሸችም።

ከዚያም የባሰውን ነገረችኝ። የወጣችው ሴቷ ናት፤ የሁለቱ እህትማማቾች ሴቶች ደግሞ በመልክ አይለዩም። ቁርጡን የሚናገረው ወንዱ ነው፣ በራሱ ላይ ባሉት ሁለት ቀንዶች። አንደኛው ቀንዱ እስከ ግማሽ ላባ፣ ከግማሽ በኋላ ክር ነው፤ ሌላኛው እስከ ጫፉ ላባ ነው። ትምህርት ሊጀመር ስምንት ቀን ቀርቶታል።

«ወንዱን ከየት እናመጣለን?»

«እኛ አናመጣም። እሷ በጠረኗ ትጠራዋለች።»

«በዚህ ክንፏ ማን ይመጣል?»

«ክንፏን ብሎ የሚመጣ የለም፣ ጋሼ።»

ግንዱ የተቆረጠበት ጫካ ዳር ሄደን በሻሽ ቤት ውስጥ አድርገን ከቆመ ዛፍ ላይ ሰቀልናት። በመጀመሪያው ቀን ፀሐይ ስትገባ የመጣው ቢንቢ ብቻ ነው። በሁለተኛው ቀን ነፋስ ነበር። እየጠበቅን መቶ ጥያቄ ጠየቅኳት፤ መቶውንም መለሰችልኝ፤ የማታውቀውን «አላውቅም፣ የሚያውቅም ያለ አይመስለኝም» አለችኝ። እንደዚህ በኩራት አላውቅም የሚል ሰው አይቼ አላውቅም። እኔ ደግሞ በውስጤ ስለ ዴስኮቹ አልነበረም የማስበው፤ ስለዚያች የታጠፈች ጫፍ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ፀሐይ እንደገባች አንድ ነጭ ነገር በዛፎቹ መሃል እየተንገዋለለ መጣ። ከኋላው ሌላ። ከዚያ ደግሞ ሌላ። ከየት እንደሰሟት እንጃ። አንዱን በመረቧ ያዘችውና በማጉያው አየች። ረጅም ጊዜ አየች። ከዚያ ለእኔ ሰጠችኝ። እስከ ግማሽ ላባ፣ ከግማሽ ወዲያ ክር።

«የቆመ ዛፏ ናት» አለችኝ። «የቆመ ዛፍ ብቻ።» የሳይንስ ስሟንም ነገረችኝ፤ ሁለት ጊዜ አስደግሜ ምላሴ ላይ ሊቆይልኝ አልቻለም።

ሻሹን ፈታችና ሴቷን ቅርፊቱ ላይ አኖረቻት። ከቀሩት አንዱ ወዲያው መጥቶ አጠገቧ አረፈ። በማግሥቱ ምንም ጉዳይ ሳይኖረኝ ብቻዬን ተመልሼ ሄድኩ። እዚያው ነበረች፤ ከሆዷ ጫፍ ቀጭን ቱቦ አውጥታ በቅርፊቱ ስንጥቅ ውስጥ እንቁላል ትጥላለች፣ ትንሽ ትራመዳለች፣ ደግሞ ትጥላለች። እስከ ሺህ ትጥላለች ብላኝ ነበር። የታጠፈ ክንፏ ከሥራዋ አላስቀራትም። እንባዬ መጣ። ዕድሜዬም ሙያዬም የሚፈቅድ አይደለም፤ ግን መጣ።

ደብዳቤው አንድ ገጽ ነው። ፖስታውን ሳታሽግ ሰጠችኝ፤ መንገድ ላይ አነበብኩት። ከታች አካባቢ «መውጫው ለአሥራ ሁለት ቀን ያህል ተደፍኖ ከቆየ በኋላ ተከፍቷል» ይላል። ማን እንደደፈነው አልጻፈችም።

ዳይሬክተሯ ቢሯቸው ውስጥ ቀስ ብለው አነበቡት። ጣታቸው ያችኛዋ መስመር ላይ ቆመ።

«ማን ነው የደፈነው?»

ሳልመልስላቸው በር ከፍተው ቢወጡልኝ ደስ ባለኝ ነበር። «እኔ ነኝ» አልኳቸው።

«እግሩን ስዳብሰው ተደፍኖ ነበር?»

«በእጅዎ ሥር ነበር።»

ወረቀቱን አጥፈው ጠረጴዛው ላይ አደረጉት። «በሠላሳ አንድ ዓመት ስንት ደፍነዋል?»

«ቆጥሬ አላውቅም።»

«እንግዲያው በአርባዎቹ ላይ ያሉትን ይቁጠሩልኝ» አሉኝ። «ዴስኮቹን ሲያመጡ የደፈኑት ቦታ ሁሉ በጠመኔ ተከብቦ ይምጣ።»

ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ዴስኮቹን በጎን እያስተኛሁ፣ በመብራት እያየሁ፣ የጉጡንም የምስማሩንም በነጭ ጠመኔ ከበብኩ። ሰኞ ጠዋት ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ አሰልፌ ሳቆማቸው ኩፍኝ የያዛቸው ይመስሉ ነበር፤ ለማውረድ ያገዙኝ የትምህርት ቤቱ ሠራተኞች ሳቁ። ዳይሬክተሯ አልሳቁም። በየዴስኩ መሃል እየዞሩ ቆጠሩ፤ አርባ ስምንት ክብ።

«በቃ? ይኼው ነው?» አሉኝ።

«ሌላም አለ» አልኳቸው። «የት እንዳለ ግን እኔም አላገኘሁትም።»

ዓይን ዓይኔን ትንሽ አዩኝና፣ የመረከቢያውን ወረቀት አንዱ ዴስክ ላይ ዘርግተው ፈረሙ።